ስልሳ ብርቱካን በብስክሌት ተሳቢ

የዚያን ዕለት ጧት ወልድያ ካለው የችግኝ ጣቢያችን በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ እያየኝ፣ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁና ፔዳሉን ረገጥኩ። እንዴት ያለ አረጋገጥ! ፔዳሉ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፣ ካቴናው ያፏጫል፣ ነፋሱ ፊቴን የሚመታኝ ሁሉ መሰለኝ። «ወይ ጉልበት! ስልሳ ችግኝ ከነአፈሩ ጭኜ እንዲህ ከበረርኩማ መርሳ የምደርሰው ለምሳ ሳይሆን ለቁርስ ነው» አልኩ በልቤ። ከኋላዬ ሳቅ ስሰማ በአድናቆት የሚስቁ መስሎኝ ጭራሽ ከመቀመጫው ብድግ ብዬ ቆሜ መርገጥ ጀመርኩ። ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው የጽድ ዛፍ አብሮኝ ይሄዳል። ቀና ባልኩ ቁጥር እዚያው ጎኔ ነው።

«ልጄ» የሚል ረጋ ያለ ድምፅ ሰማሁ። «ዛፉ ቆሟል። አንተም ቆመሃል። የሚሄደው እግርህ ብቻ ነው።»

ዞር ብዬ ሳይ የብስክሌቴ የኋላ ጎማ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ባዶ አየር ላይ ይሽከረከራል። ስልሳውን ችግኝ በሙሉ የደረደርኩት በተሳቢው ጭራ በኩል ነበር። ጭራው ወደ መሬት ሲወርድ ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት ወደ ላይ ተነሣ፤ ብረቱ ሲነሣ ብስክሌቱን ከነእኔና ከነኩራቴ አንጠለጠለው።

የተናገሩኝ ሰው የችግኞቹ ባለቤት ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከመርሳ ወገን ከሀብሩ የመጡ ገበሬ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሽማግሌ። በዚያ ሁሉ ጭንቀታቸው ውስጥ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ለአህያዬ እንዲህ ሁሉንም ወደ ጭራዋ ብጭንባት እኮ ቁጭ ነው የምትለው» አሉኝ። «ወደፊት አምጣው። ጥቂቱ ወዳንተ ይደገፍ።»

አወረድንና እንደገና ጫንን። ከባዱን ከጎማዎቹ ትንሽ ወደፊት፣ ቀላሉን ከኋላ አደረግን። የኋላ ጎማዬ መሬት ነካ። ተሳቢውን ያሠራሁት እኔ፣ ስለ ተሳቢ ጥቅም ለከተማው ሁሉ ስሰብክ የከረምኩት እኔ፣ አጫጫን ያስተማሩኝ ግን ብስክሌት ነክተው የማያውቁ ሰው!

ተሳቢ የምለው ከአሮጌ አልጋ ብረት የተበየደ፣ ሁለት የሞቱ ብስክሌቶች ባወረሱን ጎማዎች ላይ የተቀመጠ ትንሽ ጋሪ ነው። ከብስክሌቱ መቀመጫ ሥር በአንድ ረጅም ብረትና በአንድ ወፍራም ብሎን ይያያዛል። ሐሳቡ የእኔ፣ ብየዳው የጎረቤቴ። ዘመኑ ደርግ፣ ነዳጅ በኩፖን፣ መኪና እንደ ዝናብ የሚጠበቅበት ጊዜ ነውና ተሳቢዬ በወልድያ ስም አውጥታ ነበር። አንድ ጊዜ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ሦስት ጆንያ ከሰል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እግሯን የታመመች ጥጃ ከነባለቤቷ ጭኜባታለሁ። ባለቤቷ ጥጃዋን አቅፎ ሲቀመጥ ከሁለቱ የበለጠ የሚጮኸው እሱ ነበር። ሰው «ባቡሩ መጣ!» እያለ መንገድ ይለቅልኛል፤ እኔም እንደ ባቡር ነጂ አንገቴን አቅንቼ አልፋለሁ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ጀግንነት ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። ከገበያ እስከ ቀበሌ፣ ከቀበሌ እስከ መነኻሪያ ነው። መርሳ ድረስ! ያን ያህል ርቀት! ማን አስቦት ያውቃል?

ያስገባኝ አፌ ነው።

ሽማግሌው ከመርሳ ከተማ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር፣ ቦይ የሚደርሰው ቁራሽ መሬት ነበራቸው። የገበሬ ማኅበሩ የሰጣቸው ብርቱካን ሊያለሙበት ነው። ስልሳ ጉድጓድ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ሁለት ወር ሙሉ ችግኝ ሲጠብቁ፣ መሬቱ ጦም አደረ የሚል ወሬ ተነሣ። መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ተነገራቸው። የመስኖ ውኃ በተራ ነው የሚደርሰው፤ የእሳቸው ተራ ያን ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ውኃው ሲመጣ ስልሳው ጉድጓድ ችግኝ ከያዘ መሬቱ የእሳቸው ሆኖ ይቀጥላል። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ውኃውም ወደ ቀጣዩ ሰው፣ መሬቱም ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ተራው ተመልሶ የሚመጣው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሬቱ የእሳቸው አይደለም።

ችግኞቹን ከእኛ ጣቢያ የተረከቡት በዋዜማው ነው። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ያስፈረምኳቸውም እኔው። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ነዳጅ አልነበራትም። የአውቶቡሱ ረዳት ደግሞ «ጣሪያዬ ላይ አፈር አላወጣም» ብሎ እጁን አወናጨፈ። ጧት ሥራ ስገባ ችግኞቹ መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ፀሐይ እንዳይነካቸው አልብሰዋቸዋል። አላማረሩም፣ አላለቀሱም። አትክልተኛችንን ብቻ «ይኼ ነገር ውኃ ሳያገኝ ስንት ቀን ይኖራል?» እያሉ ይጠይቁታል። እሱም መሬት መሬት ያያል።

«እኔ አደርሳቸዋለሁ!» አልኩ።

ማን እንደተናገረ ለማየት እኔም ዞር ብያለሁ።

ኃላፊያችን ከመስኮት ሆኖ ሰምቶኛል። «ጓድ ጸሐፊ» አለ፣ «አንተን ራስህን ቤትህ የሚያደርስልን ሰው ስንፈልግ እንዳናመሽ።» ግን መሸኛ ደብዳቤውን ፈረመልኝ፤ ማኅተሙንም እኔው መታሁ፤ ከደስታዬ ብዛት ሁለት ጊዜ ነበር የመታሁት። በኋላ ለዚያ ደግሞ የጽሑፍ ምክንያት አቅርቤያለሁ።

ተራቸው ሲጠራ ባለቤቱ ቦዩ አፍ ላይ ካልቆመ ተራው ስለሚያልፍ፣ ሽማግሌው በአንዱ ክፍት ወንበር በአውቶቡስ ቀደሙኝ። ከመሄዳቸው በፊት ጋቢያቸውን ተሳቢው ላይ አለበሱና፣ ጠርዙን እያስተካከሉ «አደራ» አሉኝ። «ሲደክምህ ጥላ ሥር አቁማቸው። አንተ ፀሐይ ላይ ብትቀመጥ ምንም አትሆንም።»

ወጣሁ! ከኋላዬ ትንሽ ጫካ ትከተለኛለች። ቅጠሉ እየተንሿሿ፣ የአልጋው ብረት እያንቋረረ፣ እኔ እያፏጨሁ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ከኋላ ለሚያየኝ ሰው እኔ አልታይም፤ የሚታየው በራሱ የሚሄድ የብርቱካን ማሳ ነው። አንዲት እናት አማትበዋል፤ አንድ ሼህ ደግሞ እጃቸውን አንሥተው መርቀውኛል፤ እኔም ከሁለቱም ወገን ጉልበት ሳላገኝ አልቀረሁም።

ደስታዬ ኬላው ድረስ ቆየች። ጠባቂው በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ገመዱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ቁም! ይኼ ምንድን ነው?»

«ብርቱካን ነው፣ ጓድ።»

«ብርቱካኑ የታለ?»

«ገና ነው። አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል።»

«ትቀልዳለህ?» ተነሥቶ እህል የሚፈትሽበትን ረጅም ሽቦ አነሣ። «ከሥሩ ጤፍ ደብቀህ ቢሆንስ?»

«ጓድ፣ ሥሩን ከወጋኸው ይደርቃል። የመንግሥት ችግኝ ነው።»

ሽቦውን አስቀመጠው። ተሳቢዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ሰውየው ሳያጣብቀኝ እንደማይለቀኝ ገባኝ፤ የሚያጣብቅበትን ነው ያጣው። አገኘ።

«የብስክሌቱስ ታርጋ ይኸው አለ። የተሳቢው የታለ?»

«የተሳቢው?»

«የከባድ መኪና ተሳቢ የራሱ ታርጋ አለው። ይኼ ተሳቢ አይደለም?»

ምን ልበል! ጋሪ ነው እንዳልል፣ ዓመት ሙሉ በከተማው «ተሳቢ ነው፣ ጋሪ ብሎ የሚጠራት ሰው ዕቃ አልጭንለትም» እያልኩ ያስጠነቀቅኩ እኔው ነኝ።

«ሂድና ታርጋ አውጥተህለት ተመለስ» አለኝ።

ታርጋ! ለእሷ! ሦስት ወር ቢፈጅ ነው። ሽማግሌው በዓይኔ መጡብኝ፤ ቦዩ አፍ ላይ ቆመው መንገድ መንገድ ሲያዩ። ያን ጊዜ ነው ጸሐፊነቴ የደረሰልኝ። ከሸሚዜ ኪስ የርክክብ ቅጽ አወጣሁና እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።

«ጥሩ ነው፣ ጓድ። እኔ ወደ ወልድያ ልመለስ፤ ንብረቱን አንተ ተረከበኝ።» ጮክ ብዬ እያነበብኩ መጻፍ ጀመርኩ። «እኔ የኬላው ተረኛ ጠባቂ፣ ስልሳ የብርቱካን ችግኝ፣ ሁሉም በሕይወት እያሉ፣ ቆጥሬ ተረክቤአለሁ። ከፀሐይ እጠብቃለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ፣ አንዱ እንኳ ቢደርቅ በሕግ እጠየቃለሁ…»

«ማነው የሚጠየቀው?»

«አንተ ነሃ። እዚህ ጋ ፈርም።»

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የማያስደነግጠውን ሰው ወረቀት ላይ መፈረም ያስደነግጠው ነበር። ሰውየው እስክሪብቶውን እንደ እባብ አየው። ገመዱን በሁለት እጁ አወረደና «እለፍ!» አለኝ። «ይኼን ጫካህን ይዘህ ከፊቴ ጥፋ!»

አለፍኩ፤ ኬላው ከዓይኔ እስኪጠፋ እንደ ጀግና፣ ከጠፋ በኋላ ግን ወርጄ በእግሬ።

ስሪንቃን እስካልፍ ድረስ ዳገት ሲመጣ እየገፋሁ፣ ሜዳ ሲሆን እየነዳሁ፣ ከምንጭ ውኃ ሳገኝ ጋቢውን እያራስኩ ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሳልጠይቃቸው ከኋላ ይገፉልኛል። «ለማን ነው?» ይላሉ። የሽማግሌውን ነገር እነግራቸዋለሁ። «ዘጠኝ ሰዓት? ኧረ ግፋ! ኧረ በለው!» ይላሉ። እንዲህ ስንል ሳናውቀው ከዳገቱ ጫፍ ላይ እንገኛለን። የማላውቀው ሰው ሁሉ በሽማግሌው ተራ ተጨንቆ ዋለ።

ከዚያ ወደ መርሳ የሚያወርደው ቁልቁለት መጣ። እስከዚያ የምጎትተው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምትገፋኝ ተሳቢዋ ሆነች።

ስለ ፍሬኔ ላውራ። የፊተኛው ላስቲኩ ካለቀ ቆይቷል። የኋለኛው ደስ ሲለው ይይዛል፤ ያን ቀን ደስ አላለውም። ብስክሌቴ በሕይወቱ እንዲህ ሮጦ አያውቅም! ፍሬኑን ጨበጥኩት፣ ምንም የለም። እግሬን መሬት ላይ አሳረፍኩ፤ ጫማዬ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነውና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። «ዞር በሉ!» እላለሁ። ፍየሎች ዞር አሉ። አንድ በሬ ግን ዞር አላለም፤ እኔ ነኝ የዞርኩለት። መዋሸት አልፈልግም፤ እየጮኽኩ ነበር፣ ግማሹ ጩኸት ግን የደስታ ነው። እንደዚያ ያለ ፍጥነት በዕድሜዬ አላየሁም። «ስልሳ ብርቱካን! ስልሳ ብርቱካን!» እያልኩ ነበር አሉ በኋላ የሰሙኝ። እኔ አላስታውስም።

የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር አዳነኝ። እዚያ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ተሳቢዋ ጎንበስ አለች፣ አሰበች፣ ቀና አለች። ከጋቢው ሥር ሁለት ችግኞች ተፈናጥረው ግንዳቸው ከሥሩ ተቀንጥሷል። የቀሩትን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሃምሳ ስምንት ናቸው። የራሴን ጉልበት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠጠሩ ገብቶበት ቀርቷል።

«ጨረስክ ወይስ ገና ትመጣለህ?» አለችኝ አንዲት ሴት።

የእንጨት ሸክሟን አውርዳ መንገድ ዳር አረፍ ብላለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ያንሳል፣ ከእኔ ይበልጣል፤ ወገቧ በረጅም፣ ቀይ ጥለት ባለው መቀነት ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። እንጨቱን መርሳ ልትሸጥ እየወረደች ኖሯል። ከላይ ጀምሮ ትዕይንቱን በሙሉ አይታዋለች።

«እትዬ፣ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። «ሰባት ካለፈ ቆየ። የምትሞትበት ቀጠሮ አለህ እንዴ?»

ነገርኳት። ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ተራው፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓት። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። ወደ ታች አየች። የቀረው ቁልቁለት ካለፍኩት የባሰ ነው። በእጄ ይዤ ላወርደው ሞከርኩ፤ ተሳቢዋ እኔን እያንፏቀቀች አምስት እርምጃ ወሰደችኝ።

«ተው፣ ተው! ባሌ በበሬ ግንድ ሲያወርድ ከኋላው የሚጎተት ነገር ሳያስር አይለቀውም» አለችና መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ እትዬ፣ መቀነትዎን?»

«ታዲያ ያንተን ቀበቶ ልጠቀም? እሱ ሱሪህንም በቅጡ አልያዘልህ።»

የእንጨት ሸክሙን ተሳቢዋ ጭራ ላይ በመቀነቱ አሠረችው። አስተሳሰሯን ብታዩት! ጎተት አድርጋ ሞከረችውና ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ያዘች። እኔ መሪውን ጨብጬ በእግሬ፣ ተሳቢዋ ከኋላዬ፣ እንጨቱ ከተሳቢዋ ኋላ መሬቱን እየፋቀ፣ እሷ ደግሞ ከሁላችን ኋላ ሆና እያዘዘች ወረድን። አቧራው! መኪና የሚመጣ የመሰላቸው ሰዎች ከሩቅ ዳር ያዙ።

«ቀስ! ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልኩህ! አንተ ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል ነው የጨረስከው?»

«አሥራ ሁለተኛ፣ እትዬ!»

«ቁልቁለት የሚባል ትምህርት አልነበረም?»

«አልነበረም!»

«ታዲያ ምን ሲያስተምሯችሁ ከረሙ!»

ያዘ እኮ! እንጨቱ እየፋቀ ያንን ሁሉ ክብደት እንደ ልጓም ያዘው። ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን መቀነቱ ጠጠር እየነካው ሲፈገፈግ ኖሮ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ከዚያ በፊት ቢሆን እኔም ብርቱካኑም ዛሬ አንኖርም ነበር። ሴትዮዋ ሁለቱን ቁራጭ አነሣችና ያዘቻቸው። ጥለቱ ተግጦ ክር ብቻ ሆኗል። ጫፍና ጫፉን አጋጥማ አየችው። ከዚያ ሳቀች።

«ወላሂ፣ ባሌ እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ ከማን ጋር ስትታገይ ዋልሽ ነው የሚለኝ።»

«እመልሳለሁ፣ እትዬ። ይኼው በእግዜር ስም፣ አዲስ ገዝቼ አመጣለሁ።»

«ቀይ ጥለት ያለው ይሁን። ሦስት ዙር የሚጠመጥም። መርሳ፣ ቅዳሜ፣ እንጨት ተራ ታገኘኛለህ።» ከዚያ ጀርባዬን በመዳፏ ገፋችኝ። «ምን ትገተራለህ? ውኃው አመለጠህ እኮ!»

መርሳን እንዴት እንዳቋረጥኩ ለሰው ልነግር ስሞክር ሚስቴ ሁልጊዜ «አጋነንክ» ትለኛለች። ስለዚህ ባጭሩ፣ ፈጥኜ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቼ በእግር መንገዱ ወደ ወንዙ ስታጠፍ ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መካከል ላይ ሽማግሌው ከአንድ ቀጭን፣ ዶማ ከተሸከመ ሰው ጋር እጃቸውን እያወናጨፉ ይከራከራሉ። ዶማ የያዘው የውኃ አባት ነው፤ ሰፈሩ መርጦ ውኃ በተራ እንዲያከፋፍል የሾመው ሰው። ሰዓት የሚያውቀው በጥላ ነው። ቆሞ የራሱን ጥላ ጫፍ ምልክት ያደርግና በጫማው ይለካዋል፤ ሰባት ጫማ ሲሞላ የሽማግሌው ተራ ደረሰ ማለት ነው። ሽማግሌው ደግሞ ተራው እንዲዘገይ መላ አምጥተዋል።

«የአንቱ እግር ትንሽ ነው!» ይላሉ። «በእሱ ሲለካ ቶሎ ይሞላል። በእኔ እግር ይለካ!»

«ሠላሳ ዓመት በዚህ እግር ነው የተለካው!»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተበድለናል እንጂ!»

ሰዉ ይስቃል። የውኃ አባት እየተናደደም ቢሆን በሽማግሌው እግር ለካው። ስድስት ተኩል ሆነ። ሽማግሌው ሰፊ እግራቸውን እንደ ልጅ አሞገሱት። ያን ጊዜ ነው የእኔን ጩኸት የሰሙት።

«መጣሁ! መጣሁ! ያዙልኝ!»

ያዙልኝ ያልኩት ፍሬን ስላልነበረኝ ነው። አራት ሰው ተቀበለኝ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ማንም ማንንም አላዘዘም። የየራሳቸውን ተራ የሚጠብቁት ጎረቤቶች ሁሉ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የችግኙን ላስቲክ እየቀደደ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እያቆመ፣ አንዱ አፈር እያለበሰ፣ «በል! በል! ቀጥ አድርገው!» እየተባባሉ፣ ባዶው ማሳ ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነ። እኔም እንደ አቅሜ እሮጣለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ሰው ላይ መደናቀፍ ነበር።

የውኃ አባት ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በየመስመሩ እየሄደ ቆጠረ። ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ።

«ሃምሳ ስምንት ነው። ስልሳ ነው የተባለው። ሁለቱ ባዶ ናቸው።»

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። እኔ ጉልበቴ ላይ የተሰካውን ጠጠር አየሁ። የዚያን ጊዜውን ያህል አፈር ውስጥ መግባት የተመኘሁበት ቀን የለም፤ ጉድጓዱም ቅርብ ነበር።

ለካስ ሽማግሌው ያንኑ አስበዋል። ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉና ከሁለቱ ባዶ ጉድጓዶች አንደኛው ውስጥ ገብተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቁጠሩ» አሉ። «ሃምሳ ዘጠኝ።» ከዚያ ወደ እኔ። «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ሁለቱን የጣልካቸው አንተ ነህ። ተተከል!»

ዘልዬ ገባሁ። እጆቼን ግራና ቀኝ እንደ ቅርንጫፍ ዘረጋኋቸው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የውኃ አባት ለረጅም ጊዜ አየን። ፂሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊቆጣ መስሎኝ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ በዶማው እጀታ እኔን ጠቆመ።

«ይኼኛውስ ፍሬ ያፈራል?»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሽማግሌው። «ውኃ ካገኘ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የውኃ አባትም እየሳቀ ወደ ቦዩ አፍ ሄደ፣ ዶማውን አነሣ፣ የተደፈነውን ጭቃ በሁለት ምት ናደው። ውኃው መጀመሪያ ምላሱን አውጥቶ መሬቱን ቀመሰ። ከዚያ መጣ! ቡናማ፣ አረፋ የተሸከመ፣ ደረቅ ቅጠል የሚያንከባልል ውኃ ከችግኝ ወደ ችግኝ እየዞረ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ ወደሚቀጥለው እያለፈ፣ መጨረሻ ላይ እግሬ ሥር ደረሰ። ቀዝቃዛ ነበር። የተቃጠለው በረባሶዬ ጢስ የሚወጣው ሁሉ መሰለኝ። ጮኽኩ። ሽማግሌውም ከጎኔ ካለው ጉድጓድ ሆነው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። እንባቸውም አብሮ ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትም።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ፣ «አሁን መውጣት ትችላለህ። አንተ ከዚህ በላይ አታድግም።»

ባዶ ለቀሩት ሁለት ጉድጓዶች በማግሥቱ ከጎረቤት ሎሚ አግኝተው ተከሉባቸው። መሬቱ ከእጃቸው አልወጣም።

እኔ ግን ያቺን ሴትዮ አላገኘኋትም። በማግሥቱ ባዶ ተሳቢዬን እየጎተትኩ ስመለስ እንጨት ተራ ጎራ ብዬ ነበር፤ ቅዳሜ ስላልሆነ የለችም። ወልድያ ገብቼ የገበያውን ሸማ ሻጮች ሁሉ አስቸግሬ አንድ መቀነት ገዛሁ፤ ቀይ ጥለት ያለው፣ ሦስት ዙር የሚጠመጥም። ለቅዳሜ ይዤው ልሄድ በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ዓርብ ዕለት እጮኛዬ ከእህቷ ጋር ልትጠይቀኝ መጣች። ጥቅሉን አየችው። ፈታችው። ፊቷ በራ።

«ለእኔ ነው?»

ምን ልበል? «አይደለም፣ ቁልቁለት ላይ መቀነቷን ላስበጠስኳት ለሌላ ሴት ነው» ልበል? እህቷ እየሰማች?

«አዎ» አልኩ።

እዚያው ታጠቀችው። አማረባት። ሌላ እገዛለሁ ስል ሠርግ ደረሰ፣ ሠርግ አለፈ፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ። መርሳን ባለፍኩ ቁጥር በአውቶቡስ መስኮት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ወገብ ወገባቸውን ሳይ የሚታዘበኝ ተሳፋሪ ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ። እውነቱን ለሚስቴ የነገርኳት ልጆች ወልደን ካሳደግን በኋላ ነው። መቀነቱን ከሣጥን አውጥታ አየችው።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን የሰው መቀነት ታጥቄ ነው የኖርኩት?»

«የእኔ ዕዳ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አልኳት። አጣጥፋ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችውና ቆለፈችበት። ስለዚህ መርሳ እንጨት ተራ ለምትገኝ አንዲት ሴት ዛሬም አንድ መቀነት አለብኝ።